ሠራተኛው የሸሸበት ሳይት፦ የፓናማ ቦይ ግንባታ የጉዳይ ጥናት

በ1905 ከኤፕሪል እስከ ጁን ባሉት ወራት ከፓናማ ወደ አሜሪካ በሚመለሱ መርከቦች ላይ ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ወረፋ የያዙት ቦዩን ሊሠሩ የመጡ አሜሪካውያን ናቸው። መሐንዲሱም፣ መካኒኩም፣ የቢሮ ጸሐፊውም። አንዳንዱ የመጣበትን ሻንጣ በወጉ ሳይፈታ ነው የተመለሰው። በዚያ ሰሞን ከአሜሪካውያኑ ሠራተኞች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ጥለው እንደሄዱ ይነገራል። አሜሪካ ሥራውን ከተረከበች ገና ዓመት ገደማ ነበር።

ሳይት ላይ የዋለ ሰው ይህን ችግር በትንሹም ቢሆን ያውቀዋል። ሠራተኛ ይመጣል፣ ሥራ ይለምዳል፣ ልክ ሲለምድ ይሄዳል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ ደሞዝ ነው። ትንሽ ይጨመራል፣ ነገሩ ግን ያው ይቀጥላል። የፓናማን ታሪክ መመርመር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ባለሙያ እዚያ የሚከፈለው አገሩ ከሚያገኘው በላይ ነበር። ገንዘቡ እያለ ሸሸ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው ሳይት ላይ ሚስቱንና ልጆቹን አምጥቶ ተቀመጠ። በመሃል ምን ተደረገ? ለማንስ ተደረገ? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል እሱ ላይ ቆየት እላለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወረሰው ሳይት

መጀመሪያ ቦዩን የሞከሩት ፈረንሳዮች ናቸው። የስዊዝን ቦይ ያሠራው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ የመራው ኩባንያ በ1881 ሥራ ጀመረ፣ በ1889 ከሰረ። በእነዚህ ዓመታት የሞተው ሠራተኛ ከ20,000 በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ዋናዎቹ ገዳዮች ቢጫ ወባና ወባ ነበሩ፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

የሚያሳዝነው ፈረንሳዮቹ ለጤና ገንዘብ አልሰሰቱም። ጥሩ ሆስፒታል ሠርተዋል፣ ግቢውን በአበባ አስውበዋል። ግን በሽታው በትንኝ እንደሚተላለፍ አያውቁም። ጉንዳን አልጋ ላይ እንዳይወጣ የአልጋውን እግሮች ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ያቆሙ ነበር። አበባውንም ከጉንዳን ለመከላከል ዙሪያውን ውሃ የያዘ የሸክላ ቀለበት ያደርጉለታል። ያ የቆመ ውሃ ትንኝ ማራቢያ ሆነ። መስኮቶቹም ወንፊት የላቸውም። ለሌላ ሕመም የገባ ታካሚ ቢጫ ወባ ይዞት ይሞት ነበር።

አሜሪካ በሜይ 4 ቀን 1904 ሥራውን ስትረከብ ግን ይህ ሁሉ ታውቋል። የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ትንኝን የጠረጠረው በ1881 ነው። የአሜሪካዊው የጦር ሐኪም የዋልተር ሪድ ቡድን በ1900 አረጋግጦታል። ሌላው የጦር ሐኪም ዊልያም ጎርጋስ ደግሞ በዚሁ እውቀት ሃቫናን ከቢጫ ወባ አጽድቷል። ጎርጋስ ራሱ ፓናማ ተልኳል። ስለዚህ የእውቀት እጥረት አልነበረም።

እጥረቱ ሌላ ቦታ ነው። ቦዩን እንዲያሠራ አሜሪካ ያቋቋመችውን ኮሚሽን የሚመራው አድሚራል ዎከር የትንኙን ነገር እንደ ቀልድ ነው ያየው። ጎርጋስ ዕቃ ሲጠይቅ ይዘገያል፣ ይቀነሳል፣ ይመለሳል። ዋሽንግተን ደግሞ አፈር ሲዛቅ ማየት ቸኩላለች። ዋና መሐንዲሱ ጆን ዋላስ በዚህ ግፊት ሥር የፈረንሳዮቹን አሮጌ ማሽን አስነስቶ ኩሌብራ በሚባለው ተራራማ ቦታ ላይ መቆፈር ጀመረ። ሠራተኛው የሚያድርበት በቂ ቤት የለም። የሚበላው የቆርቆሮ ምግብ ነው፣ እሱም ውድ። ቁፋሮው ግን ሪፖርት ላይ ይታያል። ቤትና ቧንቧ ሪፖርት ላይ አያምሩም፤ ይህ ያኔ ብቻ የነበረ ነገር አይመስለኝም።

ሰው የሚሸሸው የሚፈራውን ነው

በ1905 ከኤፕሪል ጀምሮ ቢጫ ወባው ፓናማ ከተማ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ገባ። የኮሚሽኑ ሰዎች መሞት ጀመሩ። ሽሽቱ የተቀጣጠለው ያኔ ነው። ዋላስ ራሱ በጁን ወር ሥራውን ለቀቀ። ወደ ፓናማ ሲመጣ ለራሱና ለባለቤቱ የሬሳ ሣጥን ይዞ ነበር ይባላል። እውነትም ይሁን ወሬ፣ ወሬው ሠራተኛው ጆሮ መድረሱ ብቻውን በቂ ነው።

ሰውን ሁሉ ያሸበረው ቢጫ ወባ ቢሆንም፣ በጊዜው ብዙ ሰው አልጋ ላይ የሚጥለው ወባ ነበር። የሳንባ ምችም በተለይ የቀን ሠራተኛውን እየጨረሰ ነው። ለወባና ለሳንባ ምች ግን መርከብ የተሳፈረ የለም። ቢጫ ወባ አዲስ መጤን ይመርጣል፣ በቀናት ውስጥ ይገድላል፣ አሟሟቱም ዘግናኝ ነው። ትናንት አብሮህ ምሳ የበላ ሰው ዛሬ ይቀበራል።

ስለዚህ ሰው የሚለቀው በአደጋ መዝገብ ላይ አንደኛ የሆነውን ነገር ፈርቶ ላይሆን ይችላል። አንድ ሳይት ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በወገብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሠራተኛውን የሚያስለቅቀው ግን ከፎቅ የወደቀው አንድ ሰው ነው። አስተዳደሩ ሁለቱንም ማወቅ አለበት፦ የሚገድለውንም፣ የሚያስፈራውንም። በዋላስ ጊዜ ሁለቱም ተዘነጉ።

በጁላይ 1905 መጨረሻ የመጣው አዲሱ ዋና መሐንዲስ ጆን ስቲቨንስ ነገሩ ወዲያው ገብቶታል። ፓናማ ውስጥ ሦስት በሽታዎች አሉ ብሎ ነበር፦ ቢጫ ወባ፣ ወባና ፍርሃት፤ ከሦስቱ የከፋው ደግሞ ፍርሃቱ ነው።

መቆፈሩን አቁሙ

ስቲቨንስ የባቡር ሐዲድ ሰው ነው። ቱታ ለብሶ፣ ሲጋራውን አፉ ላይ ሰክቶ፣ ሳይቱን በእግሩ ዞረው። ከዚያ በኦገስት መጀመሪያ ቁፋሮው እንዲቆም አዘዘ። የማሽን ኦፕሬተሮቹን ዝግጁ ስንሆን እንጠራችኋለን ብሎ ወደ አገራቸው ሰደዳቸው።

ይህ ውሳኔ ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን ፕሬዚዳንቱ፣ ኮንግረሱና ጋዜጣው ሁሉ ስንት ሜትር ኩብ ተቆፈረ እያለ ይጠይቃል። በዚህ መሃል ዜሮ ብሎ ሪፖርት ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። ብዙ ፕሮጀክት ማናጀር ደህንነት ይቀድማል ይላል፤ ሥራ አስቁሞ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ሠራተኛ ደግሞ የሚያምነው የቆመውን ማሽን ሲያይ ነው።

ስቲቨንስ ስለ ትንኙ ብዙም እርግጠኛ አልነበረም። ቢሆንም ጎርጋስን ሙሉ በሙሉ ደገፈው። ቀድሞ የጎርጋስ የዓመት የዕቃ በጀት 50,000 ዶላር ነበር። ስቲቨንስ ለመስኮትና ለበር የሽቦ ወንፊት ብቻ 90,000 ዶላር ፈረመለት። በጽዳትና በጤና ሥራ 4,000 ሰው ተሰማራ። 120 ቶን ፓይረትረም የሚባል ነፍሳት የሚገድል ዱቄትና 300 ቶን ድኝ ታዘዘ። የፓናማ ከተማ ቤቶች አንድ በአንድ በጭስ ታጠኑ። የቆመ ውሃ ላይ ላምባና ዘይት ተረጨ። ረግረጉ ተፋሰሰ። ከተማው የቧንቧ ውሃ ስለገባለት ነዋሪው በርሜል ውስጥ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም አላስፈለገውም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ሳይሠራ አልቀረም፤ በርሜሉ የትንኙ ቤት ነበርና።

በፓናማ ከተማ የመጨረሻው የቢጫ ወባ ታማሚ የተመዘገበው በኖቬምበር 11 ቀን 1905 ነው። ስቲቨንስ ከመጣ አራት ወር እንኳ አልሞላም።

ወባው እንዲህ በአጭሩ አልተሸነፈም። የወባ ትንኝ በየጫካውና በየጉድጓዱ ይራባል፣ ቤት በማጠን አያልቅም። ሣር ማጨድ፣ ውሃ ማፋሰስ፣ ዘይት መርጨት፣ ኩዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በነጻ ማደል፤ ይህ ሁሉ ለዓመታት ቀጠለ። በ1906 ከ26,000 በላይ ሠራተኞች ውስጥ ከ21,000 በላይ የሚሆኑት በወባ ሆስፒታል ገብተው ያውቃሉ። በ1912 ሠራተኛው ከ50,000 በላይ ሆኖ ሳለ ሆስፒታል የገቡት ወደ 5,600 ወርደዋል። ከአምስት ሰው አራቱ ይተኛ የነበረበት ሳይት፣ ከዘጠኝ ሰው አንዱ ወደሚተኛበት ተለወጠ ማለት ነው።

ቤትና ቤተሰብ

ፍርሃቱ ሲቀንስ ሌላው ቅሬታ ጎልቶ ወጣ። ምግብ፣ ማደሪያ፣ ብቸኝነት። ስቲቨንስ ከመቆፈሩ በፊት ካምፕ አሠራ። የበረዶ ቤትና ማቀዝቀዣ ያለው የባቡር ፉርጎ አስመጣ፣ ትኩስ ምግብ በሐዲዱ ዳር ላሉ ካምፖች መድረስ ጀመረ። ቤዝቦል ሜዳ አስጠረገ። በኋላም የስፖርት ቦታና ቤተ መጻሕፍት ያላቸው ክበቦች ተከፈቱ።

የቤት አሰጣጡ ላይ አንድ የሚገርም ደንብ ነበር። ለአንድ ዶላር የወር ደሞዝ አንድ ካሬ ጫማ ቤት። ሚስቱን ላመጣ ደግሞ ያንኑ ያህል ይጨመርለታል። ኮሚሽኑ ይህን ያደረገው ለፍቅር ብሎ አይደለም። ወንደላጤ ይጠጣል፣ ይሰለቻል፣ ይሄዳል፤ ባለ ትዳር ይቀመጣል ብሎ አስልቶ ነው። ቤቱ ከነዕቃው በነጻ ነው። ሕክምና በነጻ ነው። ስድስት ሳምንት የዓመት ፈቃድ ከነደሞዙ አለ። ለሁለት ዓመት ያለማቋረጥ ለሠራ ደግሞ ከፈረንሳዮቹ አሮጌ ማሽን በቀለጠ መዳብና ነሐስ የተሠራ፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ምስል ያለበት ሜዳሊያ ይሸለማል። ሩዝቬልት ራሱ በኖቬምበር 1906 መጥቶ የተዘጋጀለትን ግብዣ ትቶ በ30 ሳንቲም የሠራተኛ ምሳ በላ። ያንን የሰማ ወጥ ቤት ከዚያ በኋላ ሾርባው ላይ ምን ያህል እንደተጠነቀቀ መገመት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይታይ። ይህን ሁሉ የጀመረው ስቲቨንስ በ1907 መጀመሪያ ራሱ ሥራውን ለቀቀ። በደብዳቤው ድካሙንና ምሬቱን ዘርዝሯል። ለሠራተኛው የታሰበው ለአለቃው አልታሰበም። ሩዝቬልት ተናዶ ቦታውን ለጦር መሐንዲሱ ለጆርጅ ጎታልስ ሰጠው፤ ወታደር እንደፈለገ አይለቅማ።

ጎታልስ ሁለት ነገር ጨመረ። አንዱ ጋዜጣ ነው። ከሴፕቴምበር 1907 ጀምሮ በየሳምንቱ የሚወጣ ጋዜጣ የየማሽኑን የቁፋሮ መጠን ያትም ነበር። ኦፕሬተሮቹ እንደ ኳስ ቡድን መፎካከር ጀመሩ። ሁለተኛው የእሁድ ጠዋት ችሎት ነው። ማንም ሠራተኛ፣ ነጭም ጥቁርም፣ ቅሬታውን ይዞ ዋና መሐንዲሱ ዘንድ ይገባል። ፎርማኑ ሰደበኝ፣ ደሞዜ ተቆረጠ፣ ጎረቤቴ አላስተኛ አለኝ። ጎታልስ ሰምቶ እዚያው ይፈርዳል። ይህ ችሎት ብር አልፈጀም፤ ግን ፎርማኑ ሰው ሊያንገላታ ሲል እሁድን እንዲያስብ ያደርገዋል። ከክበቡና ከሜዳው ሁሉ ይልቅ እኔ ይህን አስበልጣለሁ።

የወርቅ መዝገብ፣ የብር መዝገብ

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው የአሜሪካውያኑ ታሪክ ነው። ቦዩን በእጁ የቆፈረው ግን በአብዛኛው ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣ ጥቁር ሠራተኛ ነው። ከባርቤዶስ ብቻ ወደ 20,000 ሰው በኮንትራት ተቀጥሯል። ውሉ 500 የሥራ ቀን፣ በቀን አስር ሰዓት፣ በሰዓት አስር ሳንቲም ነው።

የደሞዝ መዝገቡ ሁለት ነበር። አሜሪካውያኑ በወርቅ ዶላር ስለሚከፈሉ የወርቅ መዝገብ ላይ ናቸው። ሌላው በብር የሚከፈለው የብር መዝገብ ላይ ነው። ነገሩ በደሞዝ ቀን ብቻ አላበቃም። ፖስታ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም በመዝገብ ተከፈለ። ነጻ ቤት፣ ወንፊት፣ የዓመት ፈቃድ፣ ክበብ፣ ሜዳሊያ፤ እነዚህ የወርቆቹ ናቸው።

የብር ሠራተኛ በርካታ ሰው በሚታጎርበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ላይ በላይ በተደረደረ የሸራ አልጋ ላይ ያድራል። ቀን ዝናብ ይመታዋል፣ ማታ ቅያሪ ስለሌለው በእርጥቡ ይተኛል። የሳንባ ምቹ ከዚህ ነው የሚመጣው። ለምግብ የሚቆረጥበት ከቀን ገቢው ሩብ ያልፋል፣ ምግቡም የለመደው አይደለም። ብዙዎቹ ካምፑን ጥለው ወጡ። ጫካ ዳር ጎጆ ቀለሱ፣ ወይም ኮሎንና ፓናማ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራዩ። በስተኋላ ከአምስት የካሪቢያን ሠራተኞች አራቱ ከኮሚሽኑ ቤት ውጭ ይኖሩ ነበር። እዚያ ወንፊት የለም።

ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ከአዳራሹ ወጥተው በየጎጆው ሲበታተኑ የሳንባ ምቹ ቀነሰ። ጎርጋስ ራሱ ለመቀነሱ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው ይህን መበታተን ነው። ማለትም ኮሚሽኑ የሰጠው ማደሪያ ሠራተኛው በራሱ ከቀለሰው ጎጆ የባሰ ነበር። ካምፕ ሠራሁ ብሎ የሚኮራ ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። መጥፎ ካምፕ ከባዶው ሊከፋ ይችላል።

ሁለት ዓይነት ጥበቃን መለየት ይረዳል። ረግረግ ማፋሰስ፣ የቧንቧ ውሃ ማስገባት፣ ትንኝ ማጥፋት ሰው አይመርጥም። ትንኟ ከሌለች ለሁሉም የለችም። ስለዚህ ቢጫ ወባው ለወርቁም ለብሩም ጠፋ። በማዕረግ የሚታደለው ጥበቃ ግን፣ እንደ ቤትና ወንፊት ያለው፣ የሚጠብቀው የተሰጠውን ሰው ብቻ ነው። የሳይት ደህንነት በጀት ሲያዝ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሁሉንም አደጋ በአንዴ የሚያነሳው ሥራ ነው። ሄልሜት ከማደል በፊት የጉድጓዱን ጠርዝ ማጠር።

ታዲያ ብሮቹን ምን አቆያቸው? አገር ቤት ከዚያ የከፋ መሆኑ። ባርቤዶስ ውስጥ የሸንኮራ እርሻ ላይ የሚገኘው ገቢ ከዚህም ያነሰ ነው። ኮሚሽኑ ይህን ያውቃል። አንዱ ሲሄድ ሌላ መርከብ ሙሉ ሰው ይመጣል። አሜሪካዊ የማሽን ኦፕሬተር ቢለቅ ሥራ ይቆማል፣ ስለዚህ ይባበላል። አካፋ የያዘው ቢለቅ ማንም አያስተውልም። ደህንነቱ የተከፋፈለው በአደጋው መጠን አልነበረም። የተከፋፈለው አለቆቹ የማንን መልቀቅ እንደሚፈሩ ነው።

አደጋው ደግሞ የበዛው ከታች ነው። ዳይናማይት የሚሸከመው፣ ሐዲድ የሚያነሳው፣ ከተራራው ሥር የሚቆመው እሱ ነው። በዲሴምበር 12 ቀን 1908 ባስ ኦቢስፖ በተባለው የቦዩ ሳይት ላይ ለቁፋሮ የተቀበረ ዳይናማይት ከጊዜው በፊት ፈንድቶ 23 ሰው ገደለ። በዚያው ዓመት የወጣ የፌዴራል ሕግ ለተጎዳ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ደሞዝ እንዲከፈል ፈቀደ። እግርና እጃቸው የተቆረጠ ሠራተኞች በጣም ከመብዛታቸው የተነሳ አንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ለቦዩ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የማቅረብ ኮንትራት አገኘ።

የመጨረሻው ቆጠራ

በአሜሪካ ጊዜ በሆስፒታል መዝገብ መሠረት 5,609 ሰው በበሽታና በአደጋ ሞቷል። ከእነዚህ ወደ 4,500 የሚሆኑት ጥቁር ሠራተኞች ናቸው። ነጭ አሜሪካውያኑ ወደ 350 ናቸው። ጥቁሮቹ በቁጥር ብዙ ስለነበሩ ሟቹ ቢበዛ አይገርምም ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ግን በቁጥር ብዛት ብቻ አይሸፈንም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሺህ ሰው የሚሞተው ሲታይም ጥቁሩ ከነጩ እጅግ ይበልጥ ነበር። መዝገቡ የሆስፒታል መዝገብ መሆኑም መረሳት የለበትም። ጫካ ዳር ጎጆው ውስጥ የሞተ ሰው እዚያ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ይህን ጉዳይ ለሥልጠና የሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ የ1906ቱንና የ1912ቱን የወባ ቁጥር አቅርቦ ያቆማል። ለውጡ እውነት ነው፣ ትልቅም ነው። ቁፋሮ አቁሞ ቤትና ውሃ ማስቀደሙ ሠርቷል። ግን አማካይ ቁጥር ሁለቱን መዝገብ አንድ ላይ ይደባልቃል። ማን ቆየ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን ሞተ የሚለው በሥራ ዓይነትና በማደሪያ ተለይቶ ካልተቆጠረ የፓናማ ግማሹ አይታይም።

ቦዩ በኦገስት 15 ቀን 1914 ተከፈተ። አሜሪካውያኑ ካምፖች ቋሚ ከተሞች ሆኑ። የወርቅና የብር መዝገቡም ግንባታው ካለቀ በኋላ በቦዩ አስተዳደር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ።